ከጡረታ በኋላ በሞተርሆም መኖርና በካምፕግራውንድ ማገልገል፦ አሜሪካ ላሉ ባልና ሚስት ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ ሞተርሆም (መኝታ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው መኪና) ውስጥ እየኖሩ፣ በብሔራዊ ፓርኮች፣ በፌደራል ደኖችና በስቴት ፓርኮች በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። አገልግሎቱ «ካምፕ ሆስት» ይባላል፤ በካምፕግራውንድ፣ ማለትም ሰው ድንኳን ተክሎ ወይም መኪና አቁሞ በሚያድርበት ቦታ፣ እንግዳ ማስተናገድና ቦታውን መንከባከብ ነው። ውሉ ቀላል ነው፤ እናንተ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ትሠራላችሁ፣ ፓርኩ ደግሞ ሞተርሆማችሁን የምታቆሙበት ቦታ ከነመብራቱና ከነውሃው ያለ ኪራይ ይሰጣችኋል። ደመወዝ የለውም።

ከወገኖቻችን መካከል ይህን የሞከረ ገና ብዙ የለም። ግን ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ፓርኪንግ የሠራ ወይም ሆስፒታል ሌሊት ሲያድር የኖረ ሰው መንገዱንም፣ ደንበኛ ማስተናገዱንም፣ የተቆጣ ሰው ማብረዱንም ያውቅበታል። እንግዳ መቀበልማ ከቤት የወጣንበት ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ለእኛ ሰው ይመቻል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሞተርሆሙን ይገዛና ከዚያ በኋላ የሚያገለግልበትን ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው የሚበጀው። የመኪናውን ርዝመት፣ የወቅቱን አቆጣጠር፣ የኤሌክትሪኩን ዓይነት፣ ውሻ ይዞ መምጣት ይፈቀድ አይፈቀድ የሚወስነው የምታገለግሉበት ቦታ ነው። 40 ጫማ የሚረዝም ሞተርሆም የገዙ ባልና ሚስት ዛፍ መካከል ያለውን፣ የሚመኙትን አሮጌ ካምፕግራውንድ ከበሩ ላይ አይተው ይመለሳሉ፤ የዚያ ካምፕ መቆሚያዎች ሲሠሩ እንዲህ ያለ መኪና አልነበረማ።

አንደኛ፦ የአገልግሎት ቦታዎቹን እወቁ

የፌደራል መንግሥቱ የበጎ ፈቃድ ማስታወቂያዎች ቮለንቲር ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ፣ የፎረስት ሰርቪስ፣ የቢኤልኤም (የፌደራል መሬት አስተዳደር ቢሮ)፣ የአርሚ ኮር ኦፍ ኢንጂነርስ እና የዱር እንስሳት መጠለያዎች ቦታ እዚያ ይገኛል። በፓርኮቹ የበጎ ፈቃድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በፌደራል ደኖቹ ደግሞ በ1972 በሕግ ስለጸደቀ አሠራሩ የቆየና የታወቀ ነው። የስቴት ፓርኮች ግን ሆስት የሚፈልጉት በየራሳቸው ድረ ገጽ ነው፤ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ኦሪገን ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው።

ምንም ሳትገዙ ቁጭ ብላችሁ አሥር ያህል ማስታወቂያ አንብቡ። ስታነቡ መኪናው እስከ ስንት ጫማ እንደሚፈቀድ፣ መብራቱ 30 ነው ወይስ 50 አምፔር፣ የፍሳሽ መስመር እቦታው ድረስ ይመጣ እንደሆነ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሚፈልጓችሁ፣ ስልክ ይሠራ እንደሆነ ማስታወሻ ያዙ። ከሁሉ በላይ የሰዓቱን ቁጥር በጥንቃቄ ተመልከቱ። «በሳምንት 32 ሰዓት» የሚል ስታዩ ለሁለታችሁ አንድ ላይ ነው ወይስ ለእያንዳንዳችሁ? በአንድ ቦታና በሌላው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ ማስታወቂያው ካልገለጸው ደውላችሁ ጠይቁ።

ስሌቱንም ሥሩት። ለምሳሌ በአካባቢው ተመሳሳይ ቦታ በወር 800 ዶላር ቢከራይና ሁለታችሁ አንድ ላይ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ፣ በወር 160 ሰዓት ነው፤ የሰዓቱ ዋጋ 5 ዶላር ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ገንዘብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ። ቦታውን፣ ተፈጥሮውንና ሰውን ለማገልገል ከሆነ ግን ኪራይ አለመክፈሉ ለጡረታ ገቢ ትልቅ እፎይታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር አለ። በፌደራል ደኖች ውስጥ ያሉ ብዙ ካምፖች በኮንትራት የሚሠሩት በግል ድርጅቶች ነው፤ ሙሉ በሙሉ የግል የሆኑ የአርቪ (የሞተርሆምና የመሰል መኪናዎች) ፓርኮችም አሉ። በአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ሰውን «በጎ ፈቃደኛ» ብሎ በነፃ ማሠራት አይችልም። የግል ካምፕ ቦታ ሰጥቶ ብቻ ሊያሠራችሁ ከፈለገ የደመወዙን ነገር በግልጽ ጠይቁ። ደመወዝ ከተቀበላችሁ ደግሞ፣ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ሳይሞላችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ መውሰድ ከጀመራችሁ፣ ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ ሲያልፍ ክፍያችሁ ይቀነሳል።

ሁለተኛ፦ ሳትገዙ ተከራዩ

ሁለት ሳምንት በቂ ነው። መካከለኛ መጠን ያለው ሞተርሆም ተከራዩና ወደ አንድ ካምፕግራውንድ ሂዱ፤ ቢቻል በሐምሌ ብቻ ሳይሆን ዝናብና ብርድ ባለበት ጊዜም ሞክሩት። ፀሐይ ሲሆን ሁሉም ውጭ ነው የሚውለው። ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲጥል፣ አንዱ ቴሌቪዥን ማየት ሌላው ጸሎት ማድረስ ሲፈልግ፣ ያኔ ነው የቦታው ጥበት የሚታወቀው። ካምፑ ውስጥ ሆስት ካለ ሰላም በሉት። ሆስቶች ስለ ሥራቸው ማውራት ይወዳሉ፤ የጠዋት ሥራቸውን ሲሠሩ አብራችሁ ብትዞሩ ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ ትማራላችሁ።

ቤታችሁንም በመጀመሪያው ዓመት አትሽጡ። አከራዩት፣ ወይም ልጅ ይግባበት። ይህን አኗኗር የሚወዱት መሆኑን ሙሉ ወቅት ሳይኖሩበት የሚያውቅ የለም፣ የተሸጠ ቤት ደግሞ በዛሬው ገበያ መልሶ አይገኝም።

ሦስተኛ፦ ሞተርሆሙን መምረጥ

ክላስ ኤ አውቶቡስ የሚመስለው ትልቁ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ግን ነዳጅ ይበላል፣ ብዙ ካምፕ ውስጥም አይገባም። ክላስ ቢ ቫን ነው፤ ለመንዳት ይመቻል፣ ለሁለት ሰው ዓመቱን ሙሉ ግን ይጠባል። ክላስ ሲ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ በጭነት መኪና አካል ላይ የተሠራው ነው። ለሆስትነት የእኔ ምርጫ ከ25 እስከ 30 ጫማ የሆነ ክላስ ሲ ነው፤ ብዙ ፓርክ ይቀበለዋል፣ እንጀራ ለሚጋግር ሰውም ወጥ ቤቱ ያላውሳል።

ያገለገለ ግዙ። አዲስ ሞተርሆም ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ በዚያ ላይ የበርካታ አምራቾች ዋስትና ቋሚ ኑሮ ለሚኖርበት ሰው አይሠራም፤ ውሉን አንብቡ። ያገለገለውን ስትገዙ ከሻጩ ጋር ንክኪ የሌለው የአርቪ መርማሪ ቀጥሩ። የሞተርሆም ዋነኛ ጠላቱ ሞተሩ ሳይሆን ውሃ ነው። ጣሪያው ላይ መገጣጠሚያዎቹ ተሰንጥቀው እንደሆነ፣ ከመስኮትና ከመታጠቢያ አጠገብ ወለሉ ሲረገጥ የሚሰምጥ እንደሆነ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የሻጋታ ሽታ እንዳለ ፈትሹ። ጎማው አዲስ ቢመስልም ጎኑ ላይ ያለውን አራት ቁጥር አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሞተርሆም ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ብቻ ያረጃል፤ ስድስት ሰባት ዓመት ከሞላው ለውጡት።

ክብደቱም አለ። በሩ አካባቢ የሚለጠፈው ወረቀት መኪናው ስንት ፓውንድ ሰውና ዕቃ መሸከም እንደሚችል ይጽፋል። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፤ 40 ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ330 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ዕቃችሁን ጭናችሁ ከባድ መኪናዎች በሚቆሙበት ነዳጅ ማደያ ሚዛን ላይ አስመዝኑት።

አራተኛ፦ አድራሻ፣ ሕክምና፣ ወረቀት

ይህን ክፍል ማንም አይወድም፤ እኔ ግን ጊዜ ወስዳችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

ቋሚ ቤት የሌለው ሰውም ሕጋዊ መኖሪያ ስቴት ሊኖረው ግድ ነው። ቤታችሁን ካቆያችሁ አድራሻችሁ እሱ ነው፣ አለቀ። ከሸጣችሁ ግን አብዛኞቹ የሞተርሆም ነዋሪዎች የሚመርጧቸው ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳንና ሳውዝ ዳኮታን ነው፤ ሦስቱም የስቴት የገቢ ግብር የላቸውም፣ ደብዳቤ ተቀብለው ያላችሁበት ድረስ የሚልኩ ድርጅቶችም አሉባቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተው ኤስኬፒስ የተባለው የአርቪ ነዋሪዎች ክለብ ሊቪንግስተን፣ ቴክሳስ ላይ ሆኖ ይህን አገልግሎት ይሰጣል።

መንጃ ፈቃድ፦ ተራው ለአብዛኛው ሞተርሆም ይበቃል። መኪናው ከ26,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ግን እንደ ቴክሳስ ያሉ ስቴቶች ክላስ ቢ የሚባለውን መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ካሊፎርኒያ ከ40 ጫማ በላይ ለሆነው ልዩ ፈቃድ ትላለች። ኢንሹራንስ ስትገቡ ደግሞ «የምንኖርበት ነው» ብላችሁ ተናገሩ። ለሽርሽር ተብሎ የተገዛ ኢንሹራንስ ቤታችሁ ሆኖ ሲገኝ ጉዳት ላይከፍል ይችላል።

ሜዲኬር ላይ ምርጫው ከባድ ነው። ኦሪጅናል ሜዲኬር በመላ አገሪቱ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ሁሉ ዘንድ ይሠራል። በግል ኢንሹራንስ ድርጅቶች በኩል የሚሰጡት ብዙ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖች ግን በተወሰነ አካባቢ ሐኪሞች ላይ የታጠሩ ናቸው፤ ከዚያ አካባቢ ከስድስት ወር በላይ ከራቃችሁ ከፕላኑ ልትሰረዙም ትችላላችሁ። ለተንቀሳቃሽ ሰው ኦሪጅናሉ ከሜዲጋፕ (ኦሪጅናል ሜዲኬር የማይከፍለውን ከሚሸፍነው ተጨማሪ ኢንሹራንስ) ጋር ይሻላል። ነገር ግን ከአድቫንቴጅ ወጥቶ ሜዲጋፕ መግባት በብዙ ስቴት የጤና ጥያቄ ስላለበት፣ 65 ከመሙላታችሁ በፊት አስቡበት። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበሉ ወላጆች ደግሞ ያለ ክፍያ የሚሰጥ መኖሪያ ክፍያቸውን ሊነካ ስለሚችል ከመቀበላቸው በፊት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይጠይቁ።

ዜግነት ያልወሰዳችሁ፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ያላችሁ፦ አድራሻ ሲቀየር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ለማስገባትም በዚያው ስቴት ወይም ዲስትሪክት ሦስት ወር መኖር ይጠየቃል። ወረቀቱን ጨርሳችሁ መንገድ ብትጀምሩ ይመረጣል።

አምስተኛ፦ ማመልከትና የስልክ ቃለ መጠይቅ

የበጋ ቦታዎች የሚሞሉት በበጋ አይደለም። ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብታመለክቱ ምርጫ አላችሁ። የክረምት ቦታዎች አሪዞና፣ ደቡብ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ናቸው፤ ለእነሱ በጸደይ ጀምሩ።

ማመልከቻው ላይ የሥራ ታሪካችሁን በልክ ንገሩ። ብዙ ሰዎቻችን በትሕትና ዝም ይላሉ፤ እዚህ ላይ ትሕትናው አይጠቅምም። ነርስ የነበረች ሴት የመጀመሪያ ዕርዳታ ማወቋ ለሩቅ ካምፕ ትልቅ ሀብት ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ አረብኛ ወይም ጣሊያንኛ መናገራችሁን ጻፉ። አናጢነት፣ ቧንቧ ሥራ፣ ሣር ማጨድ የሚችል ካለ እሱንም ጻፉ። የጀርባ ታሪክ ማጣራት ይደረጋል።

በስልክ ሲያናግሯችሁ እናንተም ጠይቁ፦ ሽንት ቤት የሚያጸዳው ማነው? የዕረፍት ቀን የትኞቹ ናቸው፣ ሁለታችን አብረን እናርፋለን ወይ? ሌላ ሆስት አለ ወይስ ብቻችንን ነን? ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) ስንት ደቂቃ ይርቃል? ገንዘብ እንቀበላለን ወይ? የእሑድ ጠዋት ቅዳሴ ለእናንተ የግድ ከሆነ በዚህ ጊዜ ተናገሩ፤ በበጋ ካምፕ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ዋናው የሥራ ቀን ነው፣ ብዙ ሆስት የሚያርፈው ማክሰኞና ረቡዕ ነው።

ከተስማማችሁ የበጎ ፈቃድ ስምምነት ትፈርማላችሁ። የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ ተያይዞ ካልሆነ አትፈርሙ። ወረቀቱ ለእናንተም ነው፤ በፌደራል ቦታ የተፈረመ ስምምነት ያለው በጎ ፈቃደኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ እንደ ፌደራል ሠራተኛ የጉዳት ካሳ ሽፋን አለው።

ስድስተኛ፦ መንገድ

ታክሲ ስንነዳ ኖረናል የሚል ሰው ሁለት አዲስ ነገር ይጠብቀዋል። አንደኛው የኋላው ጭራ ነው፤ ሞተርሆም ከኋላ ጎማው ወዲያ የሚተርፍ ረጅም አካል አለው፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ጭራው ወደ ግራ ይወጣል። ሁለተኛው ቁመቱ ነው። ጣሪያው ላይ እስካለው የአየር ማቀዝቀዣ ድረስ ለክታችሁ ቁጥሩን መሪው አጠገብ ለጥፉት።

ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። ቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ ትልልቆቹ ክላስ ኤዎች አያልፉትም። ሞንታና ግሌሸር ፓርክ ውስጥ ታዋቂው ተራራማ መንገድ ዋና ክፍሉ ላይ ከ21 ጫማ በላይ የሆነ መኪና አያስገባም። ለዲሲና ለሜሪላንድ ሰዎች ደግሞ ባልቲሞር አለ፦ የሃርበርና የፎርት ማክሄንሪ ዋሻዎች ፕሮፔን (የምድጃና የማሞቂያ ጋዝ) የተሸከመ ሞተርሆምን ይከለክላሉ። አማራጭ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 ስለፈረሰ፣ ከተማውን በምዕራብ በኩል በ695 አውራ ጎዳና ዙሩ። የስልክ ካርታ ይህን አይነግራችሁም፤ የመኪናችሁን ቁመትና ፕሮፔን የሚጠይቅ የአርቪ ጂፒኤስ ግዙ።

በቀን ከ300 ማይል በላይ አትንዱ፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ቢቻል ሦስት ሌሊት እረፉ፤ የአርቪ ሰዎች የሦስት ደንብ ይሉታል። ስትቆሙ አንዳችሁ ወርዳችሁ ከኋላ ምሩ። አስቀድማችሁ በእጅ ምልክት ተስማሙ፤ ሾፌሩ ጠቋሚውን በመስታወት ካላየ ወዲያው ይቁም። ብዙ ትዳር የሚፈተነው እዚህች ላይ ነው፤ ጩኸት አያስፈልግም፣ ስልክ ደዋውሎ ድምፅ ከፍቶ መነጋገር ይቻላል።

የነዳጁ ስሌት ቀላል ነው። በጋሎን 8 ማይል የሚሄድ መኪና ለ1,000 ማይል 125 ጋሎን ይፈልጋል፤ ጋሎኑ 4 ዶላር ቢሆን 500 ዶላር። ሦስት ወር አንድ ቦታ የሚያገለግል ሆስት ይህን ወጪ የማያወጣው ስለማይንቀሳቀስ ነው። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ግን ትንሽ መኪና ያስፈልጋችኋል፤ ወይ ከኋላ ትጎትታላችሁ፣ ወይ አንዳችሁ ለብቻ ትነዳላችሁ።

ሰባተኛ፦ ቦታው ስትደርሱ

መብራቱን ከማገናኘታችሁ በፊት ምሰሶው ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ። ከመጠን ያለፈ ኃይል የሚከላከለውን መሣሪያ ሰኩ፣ ብሬከሩን አብሩ፣ መሣሪያው ደህና ነው ሲል ብቻ ብሬከሩን መልሳችሁ አጥፉና የመኪናውን ገመድ አገናኙ፣ ከዚያ አብሩት። የውሃ ቱቦው ለመጠጥ የተሠራ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ሰማያዊ የሆነው ይሁን፤ ቧንቧው ላይ የግፊት መቀነሻ ግጠሙ፣ ካለበለዚያ የካምፑ ግፊት የመኪናውን ቧንቧ ሊያፈነዳው ይችላል።

ፍሳሹ ሁለት ታንክ ነው፤ ጥቁሩ የሽንት ቤት፣ ግራጫው የመታጠቢያና የወጥ ቤት። የጥቁሩን መዝጊያ ሁልጊዜ ዝጉት። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይሄዳል፣ ደረቁ ይቀራል፣ በመጨረሻም ይደፈናል። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ከዚያ ግራጫውን ልቀቁ፤ ግራጫው ቱቦውን ያጥበዋል። ጓንት አድርጉ፣ ለፍሳሹ የሚያገለግለው የማጠቢያ ቱቦ ከመጠጡ ጋር በፍጹም አይነካካ።

ወጥ ቤቱ፦ እንጀራ፣ ወጥና ቡና

ስለ እንጀራና ስለ ወጥ ማንም የአርቪ መመሪያ አይጽፍም፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ባለ 30 አምፔር ቦታ በ120 ቮልት የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው። 1,500 ዋት የሚል ምጣድ ብቻውን ከ12 አምፔር በላይ ይወስዳል። የአየር ማቀዝቀዣውም በዚያው ልክ ነው፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያውም እንዲሁ። ሦስቱ አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወድቃል። እንጀራ ስትጋግሩ ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ ውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ውጭ መጋገር ነው፦ ምሰሶው ላይ ብዙ ጊዜ ከ30ና ከ50 አምፔሩ ጎን ባለ 20 አምፔር ተራ ሶኬት አለ፤ ወፍራም የውጭ ገመድ ይዛችሁ ምጣዱን የካምፑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ቤቱ በእንፋሎት አይታፈንም፣ ጎረቤት ደግሞ ጠጋ ብሎ ምንድን ነው ይላል፤ የመጀመሪያው ትውውቅ ይህ ነው።

ሊጡ በጉዞ ቀን ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ይሁን፣ ግን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሲቦካ ይነሣል። ከፍታ ቦታ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከለመዳችሁት አንድ ቀን ተጨማሪ ይፈልጋል። ከሊጡ ላይ የሚቀዳውን ውሃም ሆነ የዕቃ እጣቢ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው፣ ግራጫው ታንክ ውስጥ ይግባ። የወጥ ቅባት ግን ታንኩንም ስለሚደፍን በወረቀት ተጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። በርበሬውንና ጤፉን ለወቅቱ የሚበቃ ይዛችሁ ውጡ፤ የሐበሻ ሱቅ ያለው ከተማ ሰዓታት ሊርቅ ይችላል።

ቡና ስትቆሉ የጣሪያውን ማራገቢያ ክፈቱ፣ ወይም ውጭ በጋዝ ምድጃ ቁሉ። ጢሱ አስጮኸብን ብላችሁ የጢስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ አታውጡ። ከሰልን በተመለከተ ምንም ምርጫ የለም፦ ለጀበናም፣ ለእጣንም፣ ለብርድም ሞተርሆም ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ከሰሉ ውጭ፣ በተፈቀደው የእሳት ቦታ ብቻ ነው፤ የእሳት ክልከላ ከታወጀ እሱም ይቀራል። ድብ ባለበት አገር ምግብ ብቻ ሳይሆን ሽታ ያለው ሁሉ፣ ሳሙናውም እጣኑም፣ ጠረጴዛ ላይ አያድርም።

ስምንተኛ፦ ሥራው ራሱ

ጠዋት ካምፑን በእግር ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ ትዞራላችሁ። የወጣ እንግዳ ቦታ ላይ የእሳት ቀለበቱን አመድ ታወጣላችሁ፣ ቆሻሻ ትለቅማላችሁ፣ የሚገባውን ሰው ስም በምሰሶው ላይ ትለጥፋላችሁ። አመድ ከማንሣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ ጠጋ አድርጉ፤ ሙቀት ካለው ውሃ አፍሱ፣ አማስሉ፣ እንደገና አፍሱ። ትናንት የጠፋ የመሰለ ፍም የቆሻሻ ገንዳ ያቃጥላል።

ከሰዓት በኋላ እንግዳ ይገባል። የት ውሃ አለ፣ የትኛው የእግር መንገድ ለልጆች ይሆናል፣ ለምንድን ነው ከቤቴ ያመጣሁትን ማገዶ አታንድድ የምትሉኝ ይላሉ። ለመጨረሻው መልሱን እወቁ፦ ማገዶ ውስጥ ተደብቀው የሚጓዙ ተባዮች ደን ያጠፋሉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የአሽ ዛፍ የጨረሰው አረንጓዴ ጢንዚዛ በማገዶም ተሰራጭቷል። ምክንያቱ ሲነገረው ሰው ይሰማል።

ሌሊት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጸጥታ ነው። የሚጮህ ካለ አንዴ በትሕትና ትነግራላችሁ። ካልሰማ፣ ከጠጣ ወይም ከተቆጣ ተመልሳችሁ ሬንጀሩን ጥሩ። ሆስት ፖሊስ አይደለም። ማሰርም፣ መቅጣትም፣ ማስወጣትም ሥልጣናችሁ አይደለም፤ ይህ ደግሞ እናንተን የሚጠብቅ ነው። አልፎ አልፎ መልካችሁን ወይም አነጋገራችሁን አይቶ «በእርግጥ አንተ ነህ ሆስቱ?» የሚል ይገኛል። የፓርኩን ኮፍያና ቬስት አድርጉ፣ ስማችሁን ተናገሩ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ክብር የሚነካ ነገር ከተናገረ ለኃላፊው በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ።

የሁለታችሁን ሥራ ደግሞ ከፋፍሉት። አንዱ ሰው ማናገር ይወዳል፣ ሌላው ዝም ብሎ መሥራት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለየብቻ ሁኑ፤ በ28 ጫማ ቤት ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ዕድር፣ ለቅሶና አገር ቤት

ከዕድራችሁ አትውጡ፤ መዋጮውን በባንክ እየላካችሁ አባልነቱን አቆዩት። ለቅሶ ሲመጣ ለመድረስ የምትችሉበትን ቀን ከኃላፊው ጋር ከመጀመሪያው ተስማሙ፤ ቤተሰብ ሲሞት ለሦስት አራት ቀን መሄድ ልማዳችን መሆኑን ከገለጻችሁ የሚረዳ ይበዛል። ልጆች «ቤት አጣችሁ ወይ?» ብለው መጨነቃቸው አይቀርም። ቦታው ድረስ መጥተው አንድ ቅዳሜና እሑድ ቢያድሩ ይሻላል፣ የልጅ ልጆች ደግሞ መመለስ አይፈልጉም።

ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ማሳለፍ ለምትፈልጉ ወቅቱ ይመቻል፤ የሰሜን ካምፖች በጥር ዝግ ናቸው። ሞተርሆሙን ከማቆማችሁ በፊት ውሃውን አፍስሳችሁ ቧንቧው ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለውን የአርቪ ፀረ በረዶ ሙሉበት። ሜዲኬር ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፣ የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ግዙ።

አገር ቤት ሳትሄዱ ለምትቀሩት ደግሞ፣ በሁለት አገልግሎት መካከል ያለው ጊዜ ወጪ እንዳያበዛ፣ 62 ዓመት የሞላችሁ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላችሁ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የፌደራል ፓርኮች የአረጋውያን ፓስ አውጡ፤ በብዙ የፌደራል ካምፖች ግማሽ ዋጋ ያስከፍላችኋል። አሪዞና ኳርትዝሳይት አካባቢ ደግሞ ቢኤልኤም በ180 ዶላር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በረሃው ላይ እንድትቆዩ ይፈቅዳል፤ መብራትና ውሃ ቦታው ድረስ ስለማይመጣ የፀሐይ ኃይል ያስፈልጋል።

ወቅቱ ሲያልቅ

ቦታችሁን ከተቀበላችሁት የበለጠ ንጹሕ አድርጋችሁ አስረክቡ። ቁልፍ፣ ሬዲዮና ልብስ ስትመልሱ ፊርማ ተቀበሉ። ያገለገላችሁት ሰዓት በስማችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ በፌደራል ቦታዎች 250 ሰዓት የሞላ በጎ ፈቃደኛ የዓመት መግቢያ ፓስ በነፃ ያገኛል። የሚቀጥለውን ፓርክ ስታመለክቱ የሚደወልለትን የኃላፊውን ስምና ስልክ ጠይቃችሁ ያዙ። እዚያው መመለስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩት፤ ጥሩ ቦታዎች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ሳይወጣባቸው ለሚያውቋቸው ሆስቶች ይያዛሉ።